የሕሙማን ምሥጢርና የመዝገቡ ቁልፍ፤ በምሥራቅ አዲስ አበባ ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና ማስታወሻ አጭር ታሪክ

፩. የጥያቄው መነሻ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ የጽሕፈትን ጥቅም አስተምረውናል። ነገሩ ስለ ርስት፣ ስለ ውል ወይም ስለ ዘር ሐረግ ሲሆን ምሳሌው ያለ ክርክር እውነት ነው። ነገር ግን «መወረስ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው ልጅ የአባቱን ሀብት መረከቡ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሰው ንብረት ባለቤቱ ሳይፈቅድ መወሰዱ ነው። የታመመ ሰው ለሐኪሙ የገለጸው የልብ ምሥጢር በወረቀት ላይ በሰፈረ ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ዕጣ እንደሚደርሰው መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የሥነ ልቦና ሕክምና ማስታወሻ በከተማችን እንዴት ሲያዝ እንደ ኖረ ነው። ማስታወሻ ስንል ሐኪሙ ወይም አማካሪው ከሕመምተኛው ጋር ተነጋግሮ ሲጨርስ የሚጽፈውን፣ ይኸውም የሰማውን፣ ያስተዋለውን፣ የገመተውንና ለሚቀጥለው ቀጠሮ ያሰበውን የያዘውን ጽሑፍ ማለታችን ነው። ወሰናችንን ከቀበና እስከ ኮተቤ፣ ከመገናኛ እስከ ቦሌና ጎሮ ባለው የከተማው ምሥራቃዊ ክፍል አድርገናል። ምክንያቱም ከከተማው ቀደምት ሆስፒታሎች አንዱ፣ በኋላ የተሠራው የኮተቤው ሆስፒታል፣ የግል አማካሪዎች ቢሮዎችና የኮምፒዩተር መረጃ የሚከማችባቸው ማእከሎች ሁሉም በዚሁ በኩል ስለሚገኙ ነው። ጉዳዩ ወደ ሌላ አቅጣጫ በሚወስደን ጊዜ ግን ተከትለነው እንሄዳለን።

የምናቀርበው አሳብ አንድ ነው። የማስታወሻው መሣሪያ በተለወጠ ቁጥር የምሥጢሩ ቁልፍ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ተዛውሯል። ስለዚህ ስለ አዲስ መሣሪያ ስንጠየቅ፣ ከፍጥነቱና ከአመቺነቱ አስቀድመን «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» ማለት ይገባናል።

፪. ከቃል ወደ ካርድ

ሆስፒታል ከመቋቋሙ በፊት ልቡ የተጨነቀ ሰው የሚሄድበት አላጣም። አንዱ በር የንስሐ አባት ነበር። ተነሳሒው በቃል ይናገራል፤ ካህኑም በቃል ይመክራል፤ ቀኖናም ይሰጣል፤ የሚጻፍ ነገር የለም። የምሥጢሩ ሣጥን የካህኑ ልብ ስለሆነ፣ ካህኑ ሲሞት ምሥጢሩም አብሮት ይቀበራል። ሁለተኛው በር ጠበል ነበር። እዚያም የሚጻፍ የለም፤ ነገር ግን በሕመምተኛው ላይ ያደረው መንፈስ እንዲለፈልፍ በሚደረግበት ጊዜ የቤተ ሰብ ጉድ ሳይቀር በሕዝብ ፊት ይወጣል። ስለዚህ ጽሕፈት ያልነበረበት ዘመን ሁሉ ምሥጢር የተጠበቀበት ዘመን ነበር ብለን ማመስገን አንችልም። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የተባለውም ብዕርና ወረቀት ሳይነኩ ለሚሠራጭ ወሬ ነው። በእነዚህ በሁለቱም በሮች ያሉ አገልግሎቶች እስከ ዛሬ ድረስ አልተቋረጡም።

ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ1902 ዓ.ም. ገደማም ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ዘመናዊ ሕክምና ይዞት ከመጣው ነገር አንዱ፣ መድኀኒትና ቢላዋ ብቻ ሳይሆን መዝገብ ነው። ዛሬም በመንግሥት ሆስፒታል የሚታከም ሰው የመጀመሪያ ሥራው «ካርድ ማውጣት» ነው። ካርዱ በካርድ ክፍል በቁጥሩ ተፈልጎ ይወጣል፤ በአመላላሽ እጅ ወደ ተረኛው ክፍል ይሄዳል፤ ነርሷ ታየዋለች፤ ሐኪሙ ይጽፍበታል፤ ልምምድ ላይ ያለው ተማሪ ያነበዋል፤ ከዚያም ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ለተሰበረ እግር ይህ አሠራር ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ሐኪም ቢለወጥ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ይረዳል። ልቡ ለተሰበረ ሰው ግን አንድ የነበረው የምሥጢር ሣጥን አምስትና ስድስት እጆች የሚነኩት ሆነ ማለት ነው።

የአእምሮ ሕሙማን ካርድ በተለይ የተከማቸው ከምሥራቁ ክፍል ርቆ፣ በመርካቶ አካባቢ ባለው በአማኑኤል ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተ ሲሆን፣ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የቦሌም ሆነ የኮተቤ ነዋሪ ከተማውን አቋርጦ ወደዚያው ይሄድ ነበር። «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገርም በሰው አፍ መሰደቢያ እስከ መሆን ደረሰ። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ፤ በካርዱ ውስጥ የተጻፈው ቀርቶ፣ ካርዱ በዚያ ሆስፒታል መኖሩ ብቻ ምሥጢር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊልና ባልደረቦቻቸው ያደረጓቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ራስ ምታትና የሰውነት ሕመም ይዟቸው ወደ ተራ ክሊኒክ ከሚመጡት መካከል ጥቂት የማይባሉት መንፈሳቸው የታወከ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ችግራቸው በትክክለኛ ስሙ ቢመዘገብ ኖሮ ስንቶቹ ተመልሰው ይመጡ ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ሕጉ ግን ዝም አላለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሙያው ምክንያት ያወቀውን ምሥጢር የሚገልጥ ሰው እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህንኑ በአንቀጽ 399 አጽንቶታል። ሆኖም ሁለቱም ሕጎች ዐይናቸው በሐኪሙ አንደበት ላይ ነው። መደርደሪያውን ማን እንደሚቆልፈው ግን የየሆስፒታሉ ልማድ የሚወስነው ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

፫. ወረቀት የሚያስፈራበት ዘመን

በደርግ ዘመን ደግሞ የከተማው ሕዝብ ስለ ወረቀት ሌላ ትምህርት ተማረ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ በተካሄደ ጊዜ ብዙ ሰው መጽሐፉንና ደብተሩን አቃጠለ፤ ቀበረም። ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ለባለቤቱና ለጓደኞቹ ጦስ ሊያመጣ ይችል ነበርና። መወረስ የሚለው ቃል ሁለተኛው ፍቺ በሰው ልቡና የሰረጸው በዚያን ጊዜ ነው። የዚያ ትውልድ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ወደ አማካሪ ቢሮ ሲገቡ፣ አማካሪው ብዕሩን ሲያነሣ «ምንድን ነው የሚጽፉት?» ብለው ቢጠይቁ ሕመም ነው ልንለው አይገባም፤ ከታሪክ የተቀሰመ ጥንቃቄ ነው እንጂ።

፬. የቦሌ ቢሮና ሁለቱ ማስታወሻዎች

በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር አካባቢው ገና የከተማው ዳርቻ ነበር። ዛሬ ግን በቦሌ፣ በገርጂና በመገናኛ ፎቆች ላይ የግል ክሊኒኮችና የምክር አገልግሎት ቢሮዎች ይገኛሉ። ለዚህ አንዱ መንገድ የከፈተው የባለሙያው ቁጥር ማደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት ለዚህ ሙያ ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር።

በግል ቢሮ ውስጥ ቁልፉ እንደገና ወደ ጥቂት እጆች ተመለሰ። አማካሪው ደብተሩን በጠረጴዛው መሳቢያ ይቆልፋል። ነገር ግን ደብተር ሲበዛ ሥርዐት ይጠይቃል። አሜሪካዊው ሐኪም ሎውረንስ ዊድ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ የሕክምና መዝገብ በሕመምተኛው ችግሮች ዝርዝር እንዲደራጅ አስተማሩ። ከእሳቸው ትምህርት የመጣው የአጻጻፍ ሥርዐት አራት ክፍል አለው፤ ሕመምተኛው የተናገረው፣ ሐኪሙ ያየው፣ የሐኪሙ ፍርድ፣ ቀጥሎም የሚደረገው። ዛሬ የማስታወሻ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ የሚያቀርቧቸው ባዶ ሣጥኖች የእነዚህ የአራቱ ልጆች ናቸው።

ከዚህም ሌላ ባለሙያዎች ሁለት ዐይነት ማስታወሻ መለየትን ለምደዋል። አንደኛው የሕክምናው መዝገብ ነው፤ ቀኑን፣ የሕመሙን ስም፣ የታዘዘውን መድኀኒትና የቀጠሮውን ጊዜ ይይዛል፤ ለሌላ ሐኪምም ይተላለፋል። ሁለተኛው የአማካሪው የግል ማስታወሻ ነው፤ ሕመምተኛው ስለ አባቱ ወይም ስለ ትዳሩ የተናገረውን፣ አማካሪው የጠረጠረውንና ራሱን የጠየቀውን ይይዛል። የአሜሪካ የጤና መረጃ ደንብ ይህን ሁለተኛውን ከዋናው መዝገብ ተለይቶ እስከ ተቀመጠ ድረስ የተለየ ጥበቃ ይሰጠዋል። እኛ ዘንድም ደብተሩ አንድ፣ ካርዱ ሌላ በሆነበት ቢሮ ልዩነቱ በተግባር አለ። ችግሩ የሚነሣው ሁለቱ በአንድ ማሽን ሲቀላቀሉ ነው።

፭. ኮምፒዩተርና ብራውዘር

በመንግሥት የጤና ተቋማት የኮምፒዩተር መዝገብ በሰፊው የተሞከረው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ነው። በዚያን ጊዜ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በአሜሪካው በቱሌን ዩኒቨርሲቲ ረዳትነት «ስማርትኬር» የተባለውን ሥርዐት አስገባ፤ የድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታልም ከቀደምቶቹ ተጠቃሚዎች አንዱ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረው «ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2» የጤና ቁጥሮችን ለመሰብሰብ በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘረጋ። ይህ ሁለተኛው በብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ በምንከፍትበት ማሰሻ ውስጥ የሚሠራ ነው። እርሱ የሚሰበስበው ግን ድምርን እንጂ የአንድን ሰው ታሪክ ስላልሆነ፣ ስለ ምሥጢር የሚነሣው ጥያቄ በአማካሪው ደብተር ላይ እንደሚነሣው የከበደ አልነበረም።

ለውጡን ያፋጠነው ወረርሽኙ ነው። የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተነገረ ጊዜ፣ በምሥራቁ ጫፍ ያለውና በመሠረቱ ለአማኑኤል ሆስፒታል ማስፋፊያ የታሰበው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የወረርሽኙ ማከሚያ ሆነ። ለአእምሮ ሕሙማን የታሰበ ግቢ ለሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ሲውል፣ ፊት ለፊት መገናኘትም ሲያስፈራ፣ ምክርን በስልክና በኢንተርኔት መስጠት አማራጭ ሆነ። ንግግሩ ወደ ስክሪን ሲገባ ማስታወሻውም ተከትሎ ገባ።

በብራውዘር የሚሠሩ የማስታወሻ ሶፍትዌሮች ለተመልካች አንድ ይመስላሉ እንጂ ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ወገን የተጻፈውን ሁሉ በኢንተርኔት አሳልፎ ከሩቅ ባለ ሰርቨር ያስቀምጣል፤ ብራውዘሩ መስኮት ብቻ ነው። ሁለተኛው ወገን ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ካወረደ በኋላ ማስታወሻውን በአማካሪው በራሱ ኮምፒዩተር፣ በብራውዘሩ ጎተራ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ወደ ውጭ የሚላክ ነገር የለም። ይህ እንዲቻል ያደረጉት ሁለት የጋራ ደንቦች ናቸው፤ በብራውዘር ውስጥ ብዙ መረጃ ማከማቸትን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ጽሑፍን በምሥጢር ቁልፍ መሰወርን የሚመለከተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ጸድቀዋል። በዚህ ዐይነቱ ሶፍትዌር አማካሪው የሚያስገባው የይለፍ ቃል ወደ ቁልፍ ይለወጣል፤ ያለ እርሱ ማስታወሻው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው።

የሁለቱ ልዩነት በከተማችን በግልጽ የታየበት ጊዜ አለ። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ከሦስት ሳምንት በላይ ሳይመለስ ቆይቷል። ከተማው በተሸበረበት፣ ሰው ምክር በሚሻበት በዚያ ጊዜ፣ መዝገቡን በባሕር ማዶ ሰርቨር ያኖረ አማካሪ የገዛ ማስታወሻውን ማየት የማይችልበት ሁኔታ ነበር። በራሱ ኮምፒዩተር ያኖረው ግን ባትሪ እስካለው ድረስ መሥራት ይችል ነበር።

የሩቁ ጎተራ አደጋ መቋረጥ ብቻ አይደለም። በፊንላንድ «ቫስታሞ» የተባለው የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2018 ተሰረቀ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሌባው ድርጅቱንና ከዚያም ሕሙማኑን በየስማቸው «ገንዘብ ካልከፈላችሁ የነገራችሁትን አወጣዋለሁ» እያለ አስፈራራ። የተጎዱት ከ30,000 በላይ ነበሩ፤ የብዙዎቹም ምሥጢር በአደባባይ ወጣ፤ ድርጅቱም በሚቀጥለው ዓመት ከሰረ። የሁሉም ማስታወሻ በአንድ ቦታ፣ በደካማ ጥበቃ ተከማችቶ ስለነበረ አንድ ስርቆት ለሁሉም በቃ።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ በየቤታችን እንቆልፈው» ለሚል ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1971 የአሜሪካ ቤተ መንግሥት ሰዎች የላኳቸው ሰባሪዎች፣ የዳንኤል ኤልስበርግን ማኅደር ፍለጋ በካሊፎርኒያ የሐኪማቸውን የዶክተር ልዊስ ፊልዲንግን ቢሮ ሰብረው ገብተዋል። ያ መዝገብ የነበረው በሐኪሙ በራሳቸው መሳቢያ ነው። በብራውዘር የተቀመጠ ማስታወሻም የራሱ አደጋ አለው። ላፕቶፑ ከተሰረቀና ሶፍትዌሩ ማስታወሻውን በቁልፍ ካልሰወረው ሌባው ያነበዋል። ኮምፒዩተሩ የጸሐፊዋም የሒሳብ ሠራተኛውም ከሆነ፣ የግል የተባለው የጋራ ነው። ብራውዘሩን «ለማጽዳት» የሚነካ አንድ ቁልፍ የብዙ ዓመት ማስታወሻ ሊያጠፋ ይችላል፤ አንዳንዱ ብራውዘር እንዲያውም ለተወሰኑ ቀናት ያልተከፈተን ጎተራ በራሱ ያጸዳል። ይለፍ ቃሉ ቢረሳ ደግሞ የሚከፍት የለም። ይህ የመጨረሻው በመጠኑ ከካህኑ ልብ ጋር ይመሳሰላል፤ ጠባቂው ሲሄድ ምሥጢሩም ይሄዳል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ማለት አለብን። በሆስፒታሎቻችን ሐኪሙ የሚጽፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤ ቆረጠ»፣ «ሐሳብ ገባኝ» ብሎ የተናገረ ሰው በመዝገቡ ላይ የሚያገኘው አንድ የባዕድ የሕመም ስም ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 «ዩኒኮድ» በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ሰነድ ከገባ ወዲህ ግን በአማርኛ መጻፍና የጻፉትን መልሶ መፈለግ ከባድ ነገር አይደለም። የአማካሪው የግል ማስታወሻ ቢያንስ የሕመምተኛውን ቃል እንደ ተነገረ ይያዝ እንላለን። በራሱ ቃል የተጻፈለት ሰው መዝገቡን ለማየት ቢጠይቅ ያነበዋል፤ ስሕተት ካለበትም ያርመዋል።

፮. ማጠቃለያ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን መድቦ፣ ተቈጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። የቀድሞዎቹ ሕጎች ዐይን በሐኪሙ አንደበት ላይ ነበር ብለናል፤ አዲሱ አዋጅ ግን መደርደሪያውንም ይመለከታል። በጎሮ በኩል ባለው የአይ.ሲ.ቲ. ፓርክ የመረጃ ማእከሎች መተከላቸውም ሰርቨር የግድ ባሕር ማዶ መሆኑን አስቀርቷል። ይሁን እንጂ ሰርቨሩ ከደብሊን ወደ ጎሮ መምጣቱ ርቀቱን ያሳጥራል እንጂ የቁልፉን ጥያቄ አይመልስም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት መልሱ ከሁለቱ ማስታወሻዎች ልዩነት ይነሣል። የሕክምናው መዝገብ ብዙ እጅ ሊያየው ይገባል፤ ሕመምተኛው ራሱን ስቶ በሌሊት ወደ ሆስፒታል ቢወሰድ የሚወስደውን መድኀኒት ተረኛው ሐኪም ማወቅ አለበትና። ስለዚህ ይህ መዝገብ ማን መቼ እንዳየው በሚመዘገብበት በጋራ ሥርዐት ይቀመጥ። የአማካሪው የግል ማስታወሻ ግን ከዚያ ተለይቶ፣ በቁልፍ በተሰወረ ሁኔታ፣ በራሱ ማሽን ይቀመጥ፤ ግልባጩም በቁልፍ ተሰውሮ በሌላ ቦታ ይኑር። ስምና ታሪክ በአንድ ገጽ አይገናኙ። የማያስፈልገውም አይጻፍ፤ ያልተጻፈ አይወረስምና። ከሁሉ በላይ ሕመምተኛው ገና በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚጻፍ፣ የት እንደሚቀመጥና ማን ሊከፍተው እንደሚችል ይነገረው።

ይህ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ምክር የሚያስፈልገው ተማሪ ወደ አማካሪው በር ደርሶ የሚመለሰው፣ ብዙ ጊዜ ሕክምናውን ስለ ናቀ ሳይሆን ወሬው ከእርሱ ቀድሞ መኝታ ክፍል እንዳይደርስ ስለሚፈራ ነው። ነገ በቦሌም ሆነ በኮተቤ በዚያ ወንበር ተቀምጠን የሰው ልብ ለመስማት የምንዘጋጅ ሁሉ፣ ጆሮአችንን ከማሠልጠናችን ጋር መሳቢያችንን መቈለፍም መማር አለብን።